ጉርሻው እና መጥረቢያው

አንድ ሰው ነበረ፤ እንጀራው ሰዎች ሳያውቁት ጥለውት የሄዱትን እያነሣ ባለቤቱን መፈለግ ነበር። ወርቅ ወይም ከብት እንዳይመስልህ። ምራቅ ነው፣ ላብ ነው፣ የጠጉር ሥር ነው፣ ዓይን የማያየው የቆዳ ፍርፋሪ ነው።

ይሁኔ፣ ያልከኝን አልረሳሁትም። ቀፎህ ተገልብጦ፣ ማርህ ተቆርጦ አገኘህ፤ ከዛፉ ሥር ደግሞ የወንድምህ ካራ ወድቆ ነበር። «ማስረጃው በእጄ ነው፤ ነገ ሽማግሌ ፊት አቆመዋለሁ፤ ከእንግዲህ ወንድሜም አይደለም። ደግሞ ምን ብዬ ልጠይቀው?» አልከኝ። የምመልስልህ በዚህ ሰው ነው። እግርህን አታወዛውዝ፤ ቁጭ ብለህ ስማ።

ሰውየው በአንድ ትልቅ ከተማ፣ በወንጀል ምርመራ ላቦራቶሪ ውስጥ የሚሠራ የዘረመል ባለሙያ ነበር። ዘረመል ምን እንደሆነ ሲያስረዱኝ እንደገባኝ፣ ግማሹን ከእናት ግማሹን ከአባት ተቀብለን በሰውነታችን ቅንጣት ሁሉ ይዘነው የምንዞረው ጽሑፍ ነው። ከአንድ ፅንስ የተከፈሉ መንትዮች ካልሆኑ በቀር የአንዱ ሰው ጽሑፍ ከሌላው አይገጥምም። ይህን ጽሑፍ ሰው በሄደበት ሁሉ ይጥለዋል። ውሃ ሲጠጣ ብርጭቆው ላይ፣ በር ሲከፍት መዝጊያው ላይ፣ ሲያስነጥስ፣ ሲያለቅስ ይጥለዋል።

ባለሙያው የወደቀውን በረጠበ ጥጥ ጠርጎ ያነሣዋል። ከቆሻሻው ያጠራዋል። የተገኘው ከማነሱ የተነሣ ሊነበብ የማይችል ሲሆን፣ እያሞቀ እያቀዘቀዘ አንዱን ሁለት፣ ሁለቱን አራት በሚያደርግ መሣሪያ ያባዛዋል፤ ከአንዲት ፍሬ ጤፍ ተነሥቶ ጎተራ እንደ መሙላት በለው። ከዚያም ሰው ከሰው የሚለይባቸውን ቦታዎች እየመረጠ ያነባል። እኔ ይህን ስሰማ እጄን አፌ ላይ ጫንኩ። ፈጣሪ ማንነታችንን በምራቃችን ውስጥ መጻፉ ይደንቃል፤ ያን ጽሑፍ ፈልጎ የሚያነብ አእምሮ ለሰው መስጠቱ ደግሞ የበለጠ ይደንቀኛል። እንዲህ ያለውን ሥራ የሚንቅ ሰው ካለ አላዋቂ ነው።

ሰውየውም ሥራውን የሚወድ ነበር። ጓንት በጓንት ላይ ይደርባል። አፍና አፍንጫውን ይሸፍናል። ዕቃ በተከፈተበት ጠረጴዛ አጠገብ ማንም ቃል እንዲተነፍስ አይፈቅድም፤ አለቃው እንኳን ገብቶ ሰላም ቢለው በእጁ ምልክት ያስወጣው ነበር። ባልደረቦቹ «ይኸ ሰው ከሙሽራ ይብሳል፣ ዓይኑን እንጂ ፊቱን ያየ የለም» እያሉ ያሾፉበታል። እሱ ይስቃል፤ ጓንቱን ግን አያወልቅም። የራሱ ትንፋሽ በሰው ሕይወት ላይ እንዳይመሰክር ይፈራ ነበር።

እንግዲህ ከዚያ ሩቅ በሆነች አንዲት የወረዳ ከተማ አንድ ባለ ወፍጮ በገዛ ወፍጮ ቤቱ ውስጥ በመጥረቢያ ተመትቶ ሞቶ ተገኘ። ሰውየው ከመሞቱ በፊት በነበረው ቀን አንድ ባለ ጋሪ ከእሱ ጋር ተጣልቶ ነበር። ነገሩ የተራ ነው፤ ወፍጮ ቤት ያለ ጠብ ሁሉ የተራ ጠብ ነው። ባለ ጋሪው እህሉ ሳይፈጭለት ሌላ ሰው ሲገባበት ደሙ ፈላና «አንተን ሰው ካልገደለህ እኔ እገድልሃለሁ!» ብሎ ጮኸ። ገበያተኛው በሙሉ ሰማው። ሰው ሲናደድ የማይለው የለም፤ አንተም ከትናንት ጀምሮ ስታወራ የሰማሁህን እኔ አውቃለሁ። ሲነጋ ባለ ወፍጮው ሞቶ ተገኘ፣ ባለ ጋሪውም ታሰረ።

መጥረቢያው በማግስቱ ከወፍጮው ሞተር ጀርባ ተገኘ። ተጠቅልሎ ወደ ትልቁ ከተማ ተላከ። ከባለ ጋሪው ጉንጭ ውስጥ በጥጥ የተወሰደ ምራቅም አብሮ ተላከ፤ መጥረቢያውን ያነሣው ፖሊስም የራሱን ሰጠ። ዕቃ የነካ ሁሉ የራሱን ይሰጣል፤ የእሱ ከወንጀለኛው እንዳይቀላቀል ነው። ይህም ከዚያ ሙያ ደስ የሚለኝ ሥርዓት ነው።

ባለሙያው የመጥረቢያውን ዛቢያ፣ ያን እንጨቱን ማለት ነው፣ ጠርጎ አነበበ። ሁለት ሰው አገኘ። አንደኛው መጥረቢያውን ያነሣው ፖሊስ ነው፤ ይህ የሚጠበቅ ነው። ሁለተኛው ባለ ጋሪው ነው። ደግሞ አነበበው፤ ያው ነው። እንዲህ ያለ ግጥሚያ በአገሩ ሕዝብ መካከል ሌላ ሰው ቢፈለግለት የሚገኝለት አይደለም። አለቃው ትከሻውን ቸብ አድርጎ «ጎበዝ፣ ፈርመህ ላከው» አለው።

ወረቀቱ ገና ሳይፈረም ወሬው ወረዳዋ ደረሰ፤ ማን እንዳደረሰው አልታወቀም። ባለ ጋሪው በእስር ቤት «መጥረቢያውን ነክቼው አላውቅም» ቢል እስረኛው ሁሉ ሳቀበት። ታላቅ ወንድም ነበረው። በየቀኑ ስንቅ የሚያቀብለው፣ ጋሪውን የሚጠብቅለት እሱ ነበር። ያን ቀን ስንቁን ይዞ መጣና አጥሩ ላይ ቆመ።

«መሣሪያው አንተ ነህ ብሏል ይባላል» አለው።

«ወንድም ጋሼ፣ እኔ አልነካሁትም።»

«ሳይንስ ይዋሻል?»

«እኔ እንጃ። እኔም አልዋሸሁ።»

«ከሁለት አንዳችሁ ዋሽታችኋል» አለና ስንቁን ለዘበኛው ሰጥቶ ሄደ። ከዚያ ወዲያ አልመጣም። ባለ ጋሪው የሚጠብቀው የዕድሜ ልክ እስራት ነው፣ አለዚያም ሞት፤ እሱ ግን ሌሊት ከእንቅልፉ የሚያባንነው የወንድሙ ጀርባ ነበር። ይህን ራሱ ነው የተናገረው።

ወደ ባለሙያው እንመለስ። ብዕሩን አንሥቶ ሊፈርም ሲል ሁለት ነገር አላስፈርም አለው። አንደኛው ይህ ነው፤ ዛቢያው ላይ የተገኘው የባለ ጋሪው ነገር የመዳፍ ላብ አልነበረም፣ ምራቅ ነበር። ምራቅን ከላብ የሚለዩበት ዘዴ አላቸው። ሰው ደግሞ መጥረቢያን በእጁ እንጂ በአፉ አይዝም። ይህን ለአለቃው ቢነግረው አለቃው ሳቀ።

«እንጨት ሲፈለጥ አይተህ አታውቅም? ፈላጭ መዳፉ ላይ እንትፍ ብሎ አይደል የሚይዘው!»

ያለው እውነት ነው፤ ባለሙያውም አልካደም። ነገር ግን ሁለተኛ ነገር አለ። ወፍጮ ቤት ዱቄት የማይለብስ ነገር የለም። መጥረቢያው ከተጣለ በኋላ ዱቄት አርፎበታል፤ ባለሙያው በማጉያ መነጽር ሲያየው ዱቄቱ ከሥር ነው፣ ምራቁ ከላይ። ከምራቁም ጋር ትንሽ ዘይት አለ፣ ቀላ ያለ። ገዳዩ በምራቁ አርሶ ቢይዘው ኖሮ ምራቁ ከሥር፣ ዱቄቱ ከላይ በሆነ ነበር። ይህ ምራቅ መጥረቢያው ወድቆ ከቀረ በኋላ የመጣ ነው። ባለ ጋሪው ግን ያኔ እስር ቤት ነበረ።

አለቃው ትዕግሥቱ አለቀ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ሥራ በዝቶበታል፣ ከወረዳው እየደወሉ ይጨቀጭቁታል። «ስማ፣ የእኛ ሥራ የማን እንደሆነ መናገር ነው። እንዴት እንደመጣ የፖሊስና የዳኛ ፋንታ ነው» አለው።

ባለሙያውም «ልክ ነዎት» አለ። «ነገር ግን የማን እንደሆነ ብቻ ጽፌ ብልክ፣ አንባቢው እንዴት እንደሆነም የጻፍኩለት ይመስለዋል። በእኔ ፊርማ ሰው ሊሞት ነው።»

ወረቀቱን ሳይፈርም ጠረጴዛው ላይ ተወው። ነጩን ካፖርት ሰቀለ፣ ጓንቱን አወለቀ፤ አውቶቡስ ተሳፍሮ ወደዚያች ወረዳ ሄደ። ይሁኔ፣ የዚህ ሰው ትልቁ ሥራ በዚያ ሁሉ መሣሪያ የሠራው እንዳይመስልህ። ትልቁ ሥራው ይኸ ነው፤ ተነሥቶ መሄዱ።

መጥረቢያውን ያነሣውን ፖሊስ ጠርቶ አስቀመጠው። ወጣት ነው፣ ጨዋ ነው፤ ከዋና ከተማ ሰው መጣ ሲሉት ሸሚዙን ለውጦ መጥቷል። ባለሙያው ስለ ገዳይ አንድ ነገር አልጠየቀውም። «ያን ዕለት ከጠዋት ጀምሮ እጅህ ያደረገውን ሁሉ ንገረኝ» አለው።

ፖሊሱ ግራ ገባው። «እጄ ነው ያሉኝ ዶክተር?»

«ዶክተር አይደለሁም። አዎ፣ እጅህ።»

ልጁ እያሰበ ተናገረ። ጠዋት ባለ ጋሪውን በካቴና አስሮ ሲጠብቅ ነበር። ቀትር ላይ ፈታሾች መጥረቢያውን ማየታቸውን ነግረውት እሱ ሄዶ እንዲያነሣ ታዘዘ። የጓንቱ ካርቶን ባዶ ነበር፤ ሰው እስኪመጣ ቢቆይ ዕቃው ይጠፋል ብሎ ሰጋና በእጁ አነሣው። ይህን ሲናገር አፈረ።

«እጅህን ታጥበህ ነበር?»

«ያን ሰሞን ከተማው ውሃ አልነበረውም። በሶፍት ጠረግሁት።»

«ከምን ጠረግኸው?»

«ከምሳ ነዋ። ምሳ በልቼ ነበር።»

«ከማን ጋር በላህ?»

«ከእስረኛው ጋር» አለ ፖሊሱ። ያን ጊዜ ደግሞ ፊቱ በራ፤ ያፈረበትን ረስቶ ደስ ብሎት ይናገር ጀመር። «ምን ላድርግ ጌታዬ? ባለቤቴ ምስር ወጥ ቋጥራልኝ ነበር። ሰውየው እጁ የኋሊት ታስሯል፣ ከንፈሩ ደርቋል፣ ይንቀጠቀጣል። ካቴናውን እንዳልፈታ ታዝዣለሁ። ሰው ፊቴ ተርቦ ተቀምጦ እንዴት ብቻዬን ልብላ? አጎረስኩት። ‹በቃኝ› ሲለኝ ‹አንድ ያጣላል› ብዬ ደገምኩለት። ያለቅስ ነበር። እየበላ ያለቅስ ነበር።»

ፖሊሱም የገዛ ቃሉ ዞሮ ጆሮው ውስጥ ሲገባ ተሰማው። ቀኝ እጁን አነሣና አየው፤ ጣቶቹን አየ። ምራቁ ከሰውየው ከንፈር ወደ ጣቱ፣ ከጣቱም ወደ ዛቢያው መሄዱ ታየው። «እኔ ነኛ» አለ። «ባጎረስኩት ነው የሚገደለው።»

እስቲ አስብ ይሁኔ። ያ ልጅ በዚያ ቀን ከሠራው ሁሉ የተሻለውን የሠራው በዚያ እጁ ነው፤ ሰው ለማጥፋት የተቃረበውም በዚያው እጁ ነው። በእኛ አገር ካልሆነ በቀር ፖሊስ እስረኛ የሚያጎርስበት አገር መኖሩን እጠራጠራለሁ። እኔ በዚህ እኮራለሁ፤ ያስፈራኛልም።

ባለሙያው አላባበለውም። «ያጎረስኸው መልካም ነው። በባዶ እጅህ መጥረቢያ ማንሣትህ ግን ጥፋት ነው። ይህንኑ ችሎት ቆመህ ትናገራለህ?» ብሎ ጠየቀው። ልጁ ለዕድገት ስሙ አልፎ ነበር፤ ይህን ከተናገረ ዕድገቱ እንደሚቀር ያውቃል። «እሱ እንጀራዬን በልቷል» አለ። «እናገራለሁ።»

ባለሙያው ወደ ላቦራቶሪው ተመልሶ እንደገና ሥራ ጀመረ። አሁን ዛቢያውን ከብረቱ አወጣው። እንጨቱ ብረቱ ውስጥ የሚገባበት፣ ዱቄትም የፖሊስ ጣትም የገዳይ መጥረጊያም የማይደርስበት ስንጥቅ አለ። ሲቀጠቅጡበት ላብና ደም እየተንጠባጠበ የሚገባው እዚያ ነው። ከዚያ ስንጥቅ ከሟቹ ደም ጋር የሌላ ሰው ላብ አወጣ፤ የባለ ጋሪውም የፖሊሱም ያልሆነ። የዚያን ሰው ማንነት ፖሊስ ኋላ ደረሰበት። ማን እንደሆነ አልነግርህም፤ የጠየቅኸኝ ስለ እሱ አይደለም።

የችሎቱ ቀን አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። ዐቃቤ ሕጉ ባለሙያውን «በዛቢያው ላይ የተገኘው የተከሳሹ ነው ወይስ አይደለም?» ብሎ ጠየቀው።

«የተከሳሹ ነው» አለ ባለሙያው።

ሕዝቡ አጉረመረመ፤ የሟች ሚስት ደረቷን ደቃች። ባለ ጋሪው አንገቱን ደፋ።

«እንግዲያው መጥረቢያውን ይዞ ነበር።»

«እሱን አላልኩም። መጥረቢያው የነገረኝ ምራቁ የማን እንደሆነ ነው። እንዴት እንደመጣ ግን መጥረቢያው አልነገረኝም፤ ሰው ጠይቄ ነው ያወቅሁት። ያ ሰው ውጭ ቆሟል፤ ይጠራልኝ።»

ፖሊሱ ገባ። ምሎ ቀኝ እጁን ለዳኛው ዘረጋ። «በዚህ እጄ አጎረስኩት፤ በዚሁ እጄ መጥረቢያውን አነሣሁ» አለ። ከኋላ አንድ ሰው ሳቀ፤ ጎረቤቱ ገላምጦ ዝም አሰኘው። ባለሙያው ስለ ዱቄቱና ስለ ስንጥቁ ሲያስረዳ የሟች ሚስት ማልቀሷን ትታ ታዳምጥ ነበር። ባሏ ቢናገር «የገደለኝን ያዙልኝ» ይል ነበር እንጂ «ያገኛችሁትን ያዙልኝ» እንደማይል ያን ጊዜ የገባት ይመስለኛል። ዳኛው ባለ ጋሪውን ፈቱት።

ፖሊሱ ተገሠጸ፣ ዕድገቱም ቀረበት። ባለሙያው በዚያው አውቶቡስ ተመልሶ ሥራው ገባ፤ ያልፈረመውን ወረቀት ቀደደና ሌላ ጻፈ። «የማን» ከሚለው ሥር «እንዴት» የሚለውን ጨምሮ ጻፈና ፈረመ። እነዚህን ሁለት ሰዎች አላውቃቸውም፤ ባገኛቸው ግን ከወንበሬ ተነሥቼ እጅ እነሣቸው ነበር።

ባለ ጋሪው ከግቢው ሲወጣ ታላቅ ወንድሙ በሩ ላይ ቆሞ ነበር። ጋቢ ይዞለት መጥቷል። እግሩ ላይ ወደቀና «ይቅር በለኝ ወንድሜ፣ ምን ላድርግ፣ ማስረጃ ነበረ» አለው።

ባለ ጋሪው አነሣው። ይቅርም አለው፤ ደግ ሰው ነው። ነገር ግን እንዲህ አለው፤ «ወንድም ጋሼ፣ ፖሊሱ እንዳጎረሰኝ እኮ እኔ አውቅ ነበር። አልደበቅሁትም። አንተ አጥሩ ላይ ቆመህ ‹ያን ቀን እንዴት ዋልክ?› ብትለኝ ኖሮ የምነግርህ የመጀመሪያው ነገር እሱ ነበር፤ በዚያ ቀን የደረሰብኝ ደግ ነገር እሱ ብቻ ነበርና። ሳይንሱ እንኳ አውቶቡስ ተሳፍሮ መጥቶ ጠየቀ። አንተ ግን ስንቁን ለዘበኛ ሰጥተህ ሄድክ።»

አብረው ወደ ቤት ሄዱ። ዛሬም በአንድ ግቢ ይኖራሉ ይባላል። ታላቁ ግን እስከ አሁን ድረስ ታናሹን ቀና ብሎ አያየውም።

እንግዲህ ይሁኔ፣ አንተን ልያዝህ። ካራው የወንድምህ ነው። እሱን አልክድህም፤ መያዣው ላይ የቀረጸውን እኔም አውቀዋለሁ። ማስረጃም ከንቱ ነው አላልኩህ፤ ያ መጥረቢያ ባይነበብ ገዳዩ ዛሬም ወፍጮ ቤት ይሰለፍ ነበር። ነገር ግን ምልክት እንደዚያ ዛቢያ ነው፤ የማን እንደሆነ ይነግርሃል፣ ከዚያ በላይ አፍ የለውም። ካራው ሲሰርቅ ወድቆበት ይሆናል። አውሬ ሲያባርርልህ ወድቆበትም ይሆናል። ሰው ተውሶት ይሆናል። አንተ ግን የማን የሚለውን አንብበህ እንዴት የሚለውን ከቁጣህ ሞላህበት፤ ነገም በሽማግሌ ፊት ልትፈርምበት ነው። ያ ባለሙያ ለማያውቀው ባለ ጋሪ፣ ያን ያህል አገር አቋርጦ ሄዶ ጠየቀ። የአንተ ወንድም ቤት ከዚህ ይታያል፤ ጢሱ እየወጣ ነው።

እስከ አሁን የጠየቅኸው እኔን ነው። እሱን ጠይቀው።